ገጽ 17 ላይ ለሰፈሩ ጀግኖች

መጽሐፍ ጀምሮ መጨረስ ትልቅ ሞኝነት ነው። የጨረሰ ሰው ይጠየቃላ! «ታዲያ መጨረሻው እንዴት ሆነ?» ይባላል። እያነበበ ያለውን ግን ማን ያፋጥጠዋል? «ቆይ፣ ስጨርስ እንጫወታለን» ብሎ ቡናውን ፉት ይላል፤ በቃ። ይህን የገባቸው ብልሆች በደሴያችን እየበዙ ነውና ሙያቸውን መዝግቦ ማቆየት የእኛ ዕዳ ነው።

ሙያው የሚጀምረው ከግዢ ነው። ፒያሳ ላይ መጽሐፍ ከክንዱ እስከ አገጩ ቆልሎ የሚዞረው ልጅ ሲመጣ ለፍላፊው ዋጋ ይከራከራል፤ ባለሙያው ውፍረት ይለካል። 200 ገጽ አደገኛ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልጨረስከውም እንዴ?» ያስብላል። 600 ገጽ ግን ከመስከረም እስከ ሰኔ ያለ ሐፍረት ያስኬዳል፤ መሃል ላይ ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ሲገባ ደግሞ ማን ይቆጥራል። ከሩሲያ የተተረጎመ ከሆነማ ወርቅ ነው። እዚያ አንዱ ሰው በራሱ ስም፣ በአባቱ ስም፣ በቤተሰቡ ስምና በቁልምጫው ስለሚጠራ፣ «ሰዎቹ ተደባለቁብኝ» ማለት ስንፍናነቱ ቀርቶ ጥልቅ ንባብ ይሆናል።

ቀጥሎ ፎቶ። የማኪያቶው አረፋ ሳይወርድ መነሳት አለበት። መጽሐፉ መሃሉ ላይ ይከፈታል፤ አዲስ ስለሆነ ግን በኮላ የተጣበቀው ጀርባው አልለመደምና ጥርቅም ይላል። አዋቂ የስኳር ዕቃውን ጫፉ ላይ ያስቀምጣል። ችኩል በሁለት እጁ ወደ ኋላ ይሰብረዋል። ያኔ ኮላው ይሰነጠቃል፤ መጽሐፉም ከዚያ ቀን ጀምሮ በተነሳበት ቦታ ብቻ ራሱ እየተከፈተ ገጽ ያረግፋል። ይህም አይከፋም፤ የረገፈ ገጽ ብዙ እንደተነበበ ምስክር ነው። የማይዋሸው እስክሪብቶው ብቻ ነው። መግቢያውን መስመር በመስመር ሲያሰምር ይቆይና ገጽ 17 ላይ ቀጥ ይላል። ከ18 ጀምሮ መጽሐፉ እንደ በረዶ ነጭ ነው።

ኮምቦልቻ ሲወርዱም ጥበብ አለ። ሐረጎ ጥምዝ ላይ ፊደል መከተል ሆድ ያገላብጣል። ስለዚህ መጽሐፉ ተዘግቶ፣ ሽፋኑ ወደ ጎን ተሳፋሪ ዞሮ፣ ጭን ላይ ይቀመጣል።

ዋናው ግን ጨዋታው ነው። አቦል ላይ ርዕሱ ይነሳል፤ ቶና ላይ የኋላ ሽፋኑ በቃል ይወርዳል፤ በረካ ላይ «ደራሲው ቋንቋው ላይ ትንሽ ይቀረዋል» ተብሎ ይፈረዳል። ጀባ ባዩ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ እሱም ሌላ መጽሐፍ ገጽ 17 ላይ ነዋ።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን «አሁን እንደገና እያነበብኩት ነው» የሚሉትን ደግሞ ጆሮ ሰጥታችሁ ስሟቸው። ማንኩሳ ላይ፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ጋር፣ ወሬያቸው ትኩስ ነው። በዛብህ ዲማ ሲደርስ ይበርዳል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ጉዱ ካሳ ብቻ ነው፤ እሱም የፌስቡክ ጥቅስ ሆኖ ስለተዳረሰ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አዳምጦ «አነበብኩ» የሚልም አለ። ይሄኛው እስከ መቃብሩ ስለደረሰ የማኅበሩን ስም ያሰድባል፤ ቢሰረዝ ይሻላል።

አደጋ የለም አይባልም። መጽሐፍ በትልቅ ወረቀት ላይ ይታተምና ብዙውን ጊዜ 16 16 ገጽ እየሆነ ይታጠፋል፤ እጥፎቹ ተደርድረው ይጠረዛሉ። ደርዳሪው ሲዘነጋ አንዱ እጥፍ ሁለቴ ይገባል፤ ከ33 እስከ 48 ይሄድና እንደገና 33 ይላል፤ በቦታው መግባት የነበረበት ከ49 እስከ 64 ያለው አንዳንዴ ጭራሹኑ የለም። እንዲህ ያለውን ቅጂ ይዞ «ታሪኩ ሲፈስ እኮ፣ አንዲት መሰናክል የለበትም!» ያለ ሰው አጠገብ እውነተኛ አንባቢ ካለ ጉድ ይፈላል። ደግነቱ እውነተኛ አንባቢ ቤቱ ነው፤ እያነበበ።

ለክፉ ቀን ማምለጫው ስጦታ ነው። «ከልቤ የወደድኩት መጽሐፍ» ተብሎ የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ ይፈረምና ለልደት ይሰጣል። ችግሩ አንዳንዴ የማተሚያ ቤቱ መቁረጫ ጠርዙን ስቶ ጥንድ ገጾች እንደተያያዙ ይቀራሉ፤ ከልብ የተወደደው መጽሐፍ ያለ ምላጭ የማይገለጥ ሆኖ ይገኛል። አብሽሩ፣ ማንም አያውቅም። ተቀባዩ ሽፋኑን ፎቶ አንስቶ፣ ማኪያቶ አጠገቡ አድርጎ፣ «እያነበብኩት ያለሁት» ብሎ ለጥፎታል።