እምቦጭን በገንዳ መርታት ጣና ላይ መርታት አይደለም

እምቦጭን የሚያጠፋ ዘዴ ተገኘ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደተሞከረ ነው። በገንዳ? በኩሬ? ወይስ ሐይቁ ላይ?

ጣና ላይ እምቦጭ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነቅሎታል፤ ማሽንም አጭዶታል። እምቦጭ በል ጢንዚዛም እንደ መፍትሔ ሲነሳ ቆይቷል።

ጢንዚዛዋን እንያት። ቅጠሉን ላይ ላዩን እየፋቀች ትበላለች። እጯ ደግሞ ግንዱን እየቦረቦረች ወደ ታች ትወርዳለች፤ መጨረሻ ላይ ውሃ ውስጥ ባለው ሥር ላይ ራሷን ጠቅልላ ወደ ጢንዚዛነት ትለወጣለች። ይህ ወራት ይፈጃል። ገንዳው ውሃ ስለሚሞላለት ሁሉም ያምራል። ጣና ግን ከጥቅምት በኋላ ይሸሻል። እምቦጩ ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል፣ ሥሩ ላይ ያለችውም አብራው ትደርቃለች። ገንዳ ይህን አያሳይም።

ገንዳ ይቅር አላልኩም። ጢንዚዛዋ ሌላ ተክል ትነካ እንደሆነ መታየት ያለበት እዚያው ነው። ቀጥሎ ኩሬ፣ ከዚያ ነፋስና ማዕበል ያለበት ዳርቻ ይመጣል።

ቪክቶሪያ ሐይቅ ያስተምረናል። ኡጋንዳ ጢንዚዛዎቹን እ.ኤ.አ. በ1995 ለቀቀች፤ በዓሥርተ ዓመቱ መጨረሻ አረሙ በጣም ቀነሰ። ግን ከባድ ዝናብና ማዕበል ያመጣው የ1997–98ቱ የአየር ለውጥ፣ ኤልኒኞም፣ መሃል ገብቶ ነበር። የትኛው እንደሠራ ምሁራን ለዓመታት ተከራከሩ። ለማነጻጸር ሳይነካ የተተወ ዳርቻ ቢኖር ክርክሩ ባጠረ ነበር።

እኛም ጋ ያው ነው። ጥቅምት ላይ ዘመቻ ወጥተን የካቲት ላይ አረሙ ቢሳሳ፣ የሠራው ጉልበታችን ነው ወይስ የውሃው መሸሽ?

ስለዚህ ዳርቻው በብዙ ቁራሽ ይከፈል። የትኛው በእጅ፣ የትኛው በማሽን እንደሚጸዳ፣ የትኛው እንዳለ እንደሚተው በዕጣ ይለይ። ነፋስ በአንድ ሌሊት ከጎረቤት አምጥቶ ስለሚከምረው ቁራሾቹ በተንሳፋፊ ገመድ ይታጠሩ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ክትትሉ ቢያንስ ሁለት ክረምት ይዝለቅ።

ከባዱ ነገር ሳይጸዳ የሚቀረው ቁራሽ ነው። እዚያ የአንዱ ግጦሽ፣ የሌላው አሳ አጥማጅ የጀልባ መውጫ አለ። ለሳይንስ ሲባል ታገሱ ማለት አይበቃም። ካሳው ከመጀመሪያው ቀን በጀት ውስጥ ይግባ። ቦታውም ሲመረጥ የደምቢያና የፎገራ ሰዎች ይቀመጡበት፤ የትኛው ነፋስ አረሙን ወዴት እንደሚገፋው እነሱ ያውቁታል።