ባልጩቱ ለስለት ብቻ አልተጓዘም
ስለ ባልጩት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ስለሚገኘው እንደ መስታወት ስለታም ድንጋይ፣ የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። የፓስፊክ ደሴቶች ጥንታዊ ባሕረተኞች የሆኑት የላፒታ ሰዎች ከ3000 ዓመት ገደማ በፊት ባልጩት በታንኳ ጭነው ከደሴት ደሴት መዞራቸውን ጥሩ አድርጎ አሳይቷል። አንድ ነገር ግን ቸኩሎ አልፏል። የየእሳተ ገሞራው ባልጩት የራሱ የኬሚካል አሻራ አለው፤ ስባሪው ሲመረመር ምንጩ ይታወቃል። በሰለሞን ደሴቶች ምሥራቅ ጫፍ፣ በሪፍ ደሴቶች የተገኘው አብዛኛው ባልጩት በዛሬዋ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ካለው ከኒው ብሪተን ደሴት፣ ከታላሲያ የመጣ ነው። ወደ 2000 ኪሎ ሜትር! በዛሬዋ ቫኑዋቱ፣ ባንክስ ደሴቶች ላይ እኮ ባልጩት ነበረ፣ ያውም ለሪፍ ደሴቶች ይበልጥ ቅርብ። ታዲያ ያን ሁሉ ባሕር ለምን? እኔን የሚያሳምነኝ ዝምድና ነው። ድንጋዩ ወደኋላ ከቀሩት ዘመዶች ጋር የሚያገናኛቸው ይመስለኛል። ደግሞ ብርቅ ነው ብለው አልቆጠቡትም። ጸሐፊው ይህን ቢመለስበት ደስ ይለኛል።