ነርቭ የሚጎዳው በባክቴሪያው ብቻ አይደለም

ስለ ሥጋ ደዌ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በሽታውን «የሰውነት መከላከያ ሲደክም የሚመጣ በሽታ» ብሎ አለፈው። ነገሩ ከዚህ ይሰፋል። አብዛኛው ሰው በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ቢገባበትም አይታመምም። ከታመሙት የአንዳንዶቹ መከላከያ ጠንካራ ነው፤ ነጭ የደም ሴሎቻቸው ባክቴሪያውን ከበው ያፍኑታል፣ ቆዳቸው ላይ የሚታየውም ምልክት ጥቂት ነው። የሌሎቹ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል (በደም ውስጥ የሚዘዋወር የመከላከያ ፕሮቲን) በብዛት ያመርታል፤ ባክቴሪያው ግን ሴል ውስጥ ተደብቆ ይራባል።

በጽሑፉ ያልተነሳው ትልቁ ጉዳይ ሪአክሽን የሚባለው ነው። መከላከያው በድንገት ይነሳና የገዛ ነርቭን ያስቆጣል። ሕክምና ላይ እያሉም፣ ከጨረሱ በኋላም ሊመጣ ይችላል። እዚህ ፒያሳ የማውቃቸው አንዲት እናት መድኃኒቱ የጎዳቸው መስሏቸው አቋርጠውት ነበር። በጣም ያሳዝናል! እባካችሁ፣ እጅ ወይም እግር ሲደነዝዝ ወይም ሲዝል መድኃኒቱን ሳታቋርጡ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ። ቁጣውን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት በጊዜ ከተጀመረ ነርቩ ሊተርፍ ይችላል።