ደሴን ለማሳመር ከዲቹ እንጀምር

የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ ስለ መሃል ከተማ የሚወራው በአብዛኛው ስለ መብራት፣ ስለ ታይልና ስለ ዘንባባ ነው። ለደሴ ግን ቅደም ተከተሉ መለወጥ አለበት። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተሠራች ናት። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ቤትና መንገድ መሃል ሳያልፍ ቦርከና ወንዝ አይደርስም። ጤናማ መሃል ከተማ ከፈለግን ገንዘቡም ሙያውም በቅድሚያ ለጎርፍ መውረጃው፣ ለዲቹ፣ ይዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሄክታር አስፋልትና ንጣፍ ላይ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 300 ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። ከዚህ 90 በመቶው ቢፈስ በየሰከንዱ 75 ሊትር ማለት ነው፤ ያውም ዝናቡ ሰዓቱን ሙሉ እኩል ከወረደ። የሐምሌ ዝናብ ግማሹን በሩብ ሰዓት ካወረደው ፍሰቱ በሰከንድ 150 ሊትር ይደርሳል። አፈር የነበረውን ሁሉ ታይል ባለበስን ቁጥር ይህ መጠን ይጨምራል፤ ዲቹ ግን የድሮው ነው።

ዲች በብዛት የሚበላሸው በክዳኑ ምክንያት ነው። 1 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ክዳን ወደ 240 ኪሎ ይመዝናል። ለጽዳት ብሎ ክሬን የሚያመጣ የለም። ስለዚህ አንዴ የተከደነ ዲች ሳይከፈት ይኖራል፤ ደለሉ፣ ፌስታሉና የጫት ገረባው ውስጡ ይጠቀጠቃል፤ ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ጎርፉ በክዳኑ ላይ መሄድ ይጀምራል። 60 በ50፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን ክብደቱ 75 ኪሎ ገደማ ነው። ኮንክሪቱ ሲሞላ ሁለት ቀዳዳ ከተተወለት ሁለት ሰዎች በብረት መንጠቆ ያነሱታል። ወፍራሙ ክዳን ባጃጅና መኪና በሚሻገርበት ቦታ ብቻ ይሁን። ውኃው ወደ ዲቹ የሚገባበትም በብረት ፍርግርግ ባይሆን ይመረጣል፤ ይሰረቃልና። የጠርዝ ድንጋዩ ሥር አግድም አፍ ከፍቶ መተው ይበቃል፤ ቁልቁለት ላይ በየ20 ሜትሩ።

ከጦሳ የሚወርዱት ቦዮች ከዲቹ ጋር ከመገናኘታቸው በፊት ደለል የሚያራግፉበት ጉድጓድ ያስፈልጋቸዋል። ውኃው እዚያ ገብቶ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጠጠሩና አሸዋው ከሥር ይቀራል። ጉድጓዱ አካፋና ጋሪ የሚደርስበት ቦታ ላይ ካልሆነ ግን በአንድ ክረምት ሞልቶ ጥቅም አልባ ይሆናል።

እዚህ ላይ ከሌላ ከተማ የሚቀዳ አንድ ምክር ደሴን እንዳይጎዳ እንሰጋለን። የዝናብ ውኃን በማስረጊያ ጉድጓድና ውኃ በሚያሳልፍ ንጣፍ ወደ መሬት ማስገባት ለሜዳ ከተማ ግሩም ዘዴ ነው። ደሴ ላይ ግን ተዳፋቱ ውኃ ሲጠግብ ይንሸራተታል፤ የመሬት መንሸራተት ለከተማዋ አዲስ ነገር አይደለም። ተዳፋት ሥር ውኃ ከማስረግ በጣሪያ ሰብስቦ በታንከር ማቆየት ይሻላል። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ከ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ አንድ አምስተኛው ባክኖ እንኳ፣ 800 ሊትር ይሰጣል። ሰኞ ገበያን በመሰለ ቦታ ለሕዝብ መጸዳጃ ቤት ማጠቢያ ትልቅ ነገር ነው። ከደረቅ ወራት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ታንከሩ ውስጥ አይግባ።

የእግረኛ መንገዱ ሁለት ሜትር ክፍት ይሁን፤ ከሁለት ሜትሩ ላይ ፖልም፣ የሱቅ ደረጃም፣ የቆመ ባጃጅም አይቀነስለት። የጉልት ሴቶችን ማባረር መፍትሔ አይደለም፤ ነገ ተመልሰው አስፋልቱ ላይ ይቀመጣሉ። ከሁለት ሜትሩ ውጭ ከፍ ያለ መደብ ቢሠራላቸው መንገዱም ይከፈታል፣ እነሱም ከጭቃ ይወጣሉ። ለስላሳ ታይል ደግሞ በጉምና በካፊያ ቀን ሸክም ይዞ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው አደጋ ነው። ፊቱ ሸካራ የሆነ ጥርብ ድንጋይ ይሻላል፤ ጠርዙ በኮንክሪት ካልታሰረ ግን ጎርፍ ከሥሩ አሸዋውን እየወሰደ ይበትነዋል። በ12 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ዳገት ለተሽከርካሪ ወንበር አይሆንም፤ እዚያ ደረጃና የተጠማዘዘ መወጣጫ ጎን ለጎን ይሠሩ።

ዛፍን በተመለከተ ዘንባባ ለብርዱም ለጥላውም አይመችም። ወይራና የሐበሻ ጥድ አሉን። የመትከያ ጉድጓዱ በርዝመቱም፣ በወርዱም፣ በጥልቀቱም አንድ ሜትር ይሁን፤ ከግንባታ የተረፈው ፍርስራሽ ወጥቶ በደህና አፈር ይሞላ። ብዙ የመንገድ ዳር ችግኝ የሚደርቀው ሲሚንቶና ጠጠር ውስጥ ስለሚተከል ነው።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላም ዲቹ በዓመት ሁለቴ መከፈት አለበት፤ በጥር መጨረሻ ከበልግ በፊት፣ በግንቦት ደግሞ ከክረምት በፊት። የሚወጣው ቆሻሻ ዳር ላይ ተከምሮ ካደረ የመጀመሪያው ዝናብ ይመልሰዋል፤ ካልመለሰው ደግሞ በቦርከና ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ጨፋ ማሳ ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ ጠረጋውና ጭነቱ በአንድ ውል ይታሰሩ፤ ክፍያውም በተጠረገ ሜትር ብቻ ሳይሆን ማስወገጃ ቦታ ደርሶ በተራገፈ ሜትር ኩብ ይፈጸም።