እርማት፦ ከባዱ ሞዴል የግድ ትክክለኛው አይደለም

ወንድሜ፣ ሐዋሳ ውስጥ ያገኘሃቸውን ሁለት የመርሴዲስ 300 ኤስኤልአር (የድሮ የእሽቅድምድም መኪና) ትንንሽ ሞዴሎች በእጅህ መዝነህ «ከባዱ ለዋናው መኪና ይቀርባል» ብለሃል። ብዙ ሰብሳቢ የሚያምንበት ስህተት ነው። ርካሹም ውዱም የብረት ሞዴል በአብዛኛው የሚሠራው ከቀለጠ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ክብደቱ ስለ ቅርጹ ምንም አይነግርህም። ዋናው መኪና ራሱ እኮ እንዲቀል ተብሎ አካሉ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ነው!

ሚዛኑን ትተህ ማስመሪያ አንሣ። በዋናው ላይ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2370 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1:43 ሞዴል፣ ማለትም ርዝመቱ ከዋናው 43 ጊዜ ባነሰው፣ 55 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። 60 ከመጣ ክብደቱ አያድነውም። አካሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም ተመልከት፤ እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ስተርሊንግ ሞስ በ1955 እ.ኤ.አ. ሚሌ ሚሊያን፣ የጣሊያኑን የመንገድ ላይ ውድድር፣ ያሸነፈበት 722 የመነሻ ሰዓቱ (7:22) ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:22።