ባህር ዛፉን ከመራገም ሜትር እንያዝ

ደሴ ያደገ ሰው የጦሳን ተራራ ሲያስብ ባህር ዛፍ ይሸተዋል። በተለይ ክረምት ጧት፣ ጉሙ ወደ ከተማው ሲወርድ። ታዲያ በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ያው ክርክር ይነሳል። አንዱ ወገን «ባህር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል፣ መሬት ይበላል፤ ነቅለን አገር በቀል እንትከል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ወይራ እስኪደርስ ልጆቼ ምን ይብሉ?» ይላል። ይኸኛው አጎቴ ነው።

አጎቴ ሐረጎ አካባቢ ትንሽ የባህር ዛፍ ቦታ አለው። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣ አጣና ይሸጣል። የባንክ ደብተር የለውም፤ ደብተሩ ያ ዛፍ ነው። ቢቆርጠው ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጥለታል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ደጋውን ሁሉ የወረሰው በዚሁ ጠባዩ ነው። ስለዚህ «ንቀለው» ቢሉት አይሰማም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልሰማም።

እነዚያኞቹም ግን አልተሳሳቱም። ተዳፋት ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የተተከለ ባህር ዛፍ ከሥሩ ያለው መሬት ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ ዝናቡ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መደርደርም የራሱ ጣጣ አለው። አዊ ላይ ስንቱን ገበሬ ከሰል አሽጦ ያኖረውን ዲከረንስ የሚባለውን መጤ የግራር ዓይነት በሽታ ሲገባበት አይተናል።

የሚገርመኝ ሁለቱም ወገን «ቀላቅለን ብንተክልስ?» አለማለቱ ነው። ሌላ አገር ይህን ጥያቄ መሬት ላይ ሞክረውታል። ብራዚል ውስጥ፣ በአትላንቲክ ደን፣ ተመራማሪዎች ባህር ዛፍንና የአገሩን ዛፎች አንድ ላይ ተከሉ። ባህር ዛፉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ይቆረጣል፣ ይሸጣል፤ አገር በቀሎቹ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ውጤት መሠረት የእንጨቱ ገቢ ደኑን መልሶ ለማልማት ከወጣው ወጪ ከ44 እስከ 75 በመቶ ያህሉን ሸፈነ። አገር በቀሎቹ ከባህር ዛፉ ጋር ሳሉ እድገታቸው ቀነስ ብሏል። ግን በዚያ ምክንያት አልሞቱም።

ይህን «ቀነስ ብሏል» የሚለውን መደበቅ አልፈልግም። ባህር ዛፍ ውኃና ብርሃን ይሻማል። መቀላቀል ማለት እንደ ቆሎ መበተን አይደለም። ርቀቱ፣ ረድፉ፣ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ሁሉም ይታሰብበታል። ዝግባ በልጅነቱ ጥላ ይችላል፤ የሐበሻ ጽድ ግን ብርሃን ይፈልጋል። ደሴ ብርድ ላይ የሚሆነው ኮሶ ኮምቦልቻ ቢወርድ አይሆንለትም፤ እዚያ ዋንዛና ግራር ይሻላሉ።

ቻይና ጂያንግሺ ውስጥ ደግሞ ትልቅ ሙከራ አለ። ከ8 ዓመት በኋላ 16 ዓይነት ዛፍ የተቀላቀለበት መሬት፣ አንድ ዓይነት ብቻ ከተተከለበት ጋር ሲነጻጸር ከእጥፍ በላይ ካርቦን ይዞ ተገኘ። (መጤ ዛፍ አልነበረበትም፤ ስለዚህ ለኛ ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው።) ምክንያቱ ብዙም አይከብድም። የአንዱ ሥር ጠልቆ ይሄዳል፣ የሌላው ከላይ ይቀራል። ቅርንጫፋቸውም እንዲሁ ቦታ ይከፋፈላል።

እዚሁ አገራችንም መናገሻና ሙኔሳ ሻሸመኔ ላይ የተጠና ነገር አለ። በተተከለ ባህር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ሥር አገር በቀል ችግኝ ራሱ በቅሎ ተገኝቷል። ዘሩን ወፍና እንስሳ አምጥቶት ነው። ግን ወፉ ዘሩን የሚለቅምበት የተፈጥሮ ደን አጠገቡ መኖር አለበት። ኮምቦልቻ አጠገብ የጎፍ አለልን፤ ጽዱና ወይራው ከፈረንጁ ዛፍ ጋር እዚያው ጎረቤት ነው።

እኛ ጋ የጎደለው መለካት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። የተተከለውን እንቆጥራለን፤ ያደገውን ማን ለካ? ጦሳ ግርጌ ሦስት ትንንሽ ቦታ ይከለል። አንዱ ባህር ዛፍ ብቻ፣ አንዱ አገር በቀል ብቻ፣ አንዱ ቅልቅል። ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ፣ ደረት አካባቢ፣ ግንዱን በሜትር መዞር ነው ሥራው። በየዓመቱ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ለ10 ዓመት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ የተማሪ እጥረት የለበትም።

ለአጎቴ ይህን ሁሉ አወራሁለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ከዳር ሁለት ረድፍ እሰጥሃለሁ። ከፍየል ግን አንተው ጠብቀው» አለኝ። አሁን የዝግባ ችግኝ እያፈላለግኩ ነው።