አለቃ ብቻውን የማይወስነው ነገር

ስለ ጀርመን ሥራ ሲነሳ አገር ቤት ያሉ ወዳጆቼ ቀድመው የሚጠይቁኝ ደመወዝ ነው። እኔን ግን ከደመወዙ በላይ የሚደንቀኝ፣ እዚህ አለቃ ብቻውን የማይወስናቸው ነገሮች መኖራቸው ነው።

የምሠራበት መጋዘን ውስጥ አንድ ጠዋት አዲስ የፈረቃ ፕሮግራም ተለጥፎ አገኘን። ቅዳሜ ማታ ተጨምሮበታል። ሠራተኛው ራሱ የሚመርጠው የተወካዮች አካል፣ የሠራተኞች ምክር ቤት የሚባለው፣ አባል የሆነች፣ እንደኛው ካርቶን ስታነሳ የምትውል ባልደረባችን ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ምክር ቤቱ አልተስማማበትም ነበርና በማግስቱ ወረቀቱ ከሰሌዳው ወረደ። ጩኸት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ከድርድር በኋላ ተመልሶ ሲለጠፍ የቅዳሜው ሥራ በፈቃደኝነት ሆኗል።

ይሄ የኃላፊው ደግነት አይደለም፣ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ወጥቶ በ1972 እንደ አዲስ የተጻፈው ሕግ፣ 5 ቋሚ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ ምክር ቤት መምረጥ ይፈቅዳል። ምርጫው በየ4 ዓመቱ ነው። የሥራ ሰዓት ድልድል ያለ ምክር ቤቱ ስምምነት አይጸናም። ምክር ቤቱ ሳይሰማ የተሰጠ ስንብትም ዋጋ የለውም። ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ባላቸው ኩባንያዎች ደግሞ የኩባንያውን አስተዳደር የሚቆጣጠረው ቦርድ ግማሽ ወንበር የሠራተኛው ነው። እርግጥ ድምፅ እኩል ሲሆን ሰብሳቢው ሁለተኛ ድምፅ አለው፤ ሰብሳቢው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቶቹ ሰው ነው። ብዙ ትንንሽ ድርጅቶችም ምክር ቤት የላቸውም።

አገር ቤትስ? ስብሰባማ መች ጠፋ! ሠራተኛው ይጠራል፣ «ሐሳብ ስጡ» ይባላል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ውሳኔው ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ አልቋል። እጁን አውጥቶ የተናገረው «ነገረኛ» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ሌላው ይህን አይቶ አፉን ይዘጋል። ከዚያ «ሠራተኛው ተነሳሽነት የለውም» ሲባል በጣም ያናድደኛል። ተነሳሽነቱን ማን ገደለው?

የሚያስቆጨው ሕጉ እኛም ጋ መኖሩ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 10 ሠራተኛ ባለበት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። በዕድገት፣ በዝውውር፣ በቅነሳና በዲሲፕሊን ጉዳይ የሠራተኛው ተሳትፎ ማኅበሩና አሠሪው ተደራድረው በሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ሊካተት ይችላል። የሠራተኛ ተወካይ መሆንም ለስንብት ምክንያት አይሆንም።

ስለዚህ ማኅበር ያላችሁ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ድርድር ከደመወዝ ጭማሪው ጎን አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ ማኅበሩ ያልፈረመበት የፈረቃ ፕሮግራም አይለጠፍ። ለአሠሪው ብዙ ወጪ የለውም። ልጇን ከትምህርት ቤት ለምታመጣ እናት ግን ትልቅ ነገር ነው።